የኪራይ ማሳ ሲመለስ፦ አፈር ውስጥ የቀረ የተባይ መድኃኒት አደጋው እንዴት ይታወቃል?

የመቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ መቂ አካባቢ ከአንድ ሄክታር ጥቂት የሚያልፍ የመስኖ መሬት አለው። ለዓመታት ለሽንኩርትና ለቲማቲም አምራቾች ሲያከራየው ቆይቶ ዘንድሮ ኮንትራቱ አለቀ። አሁን እኔ ልሠራበት ነው። ሐሳቤ ዶሮ ለቅቆ ማርባት፣ ለቤትና ለደንበኛ የሚሆን አትክልት፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ጥቂት ቀፎ ነው።

ተከራዮቹ በየሳምንቱ፣ ትሪፕስ የምትባለው የሽንኩርት ቅጠል የምትመጥ ደቃቅ ተባይ ስትበዛ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ይረጩ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ምን እንደረጩ ግን በትክክል የሚነግረኝ አጣሁ። ፓምፑ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ውስጥ ያገኘኋቸው ጠርሙሶችና ከረጢቶች ላይ ፕሮፌኖፎስ፣ ክሎርፒሪፎስ፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ኢሚዳክሎፕሪድና ማንኮዜብ ይላል። የቀሩት ወረቀታቸው ተልጧል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ድሮ ዲዲቲም ይረጭ ነበር ይላሉ።

ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ። አንዱ "የእነዚህ ግማሽ ዕድሜ ሁለት ወር ነው፣ አንድ ክረምት ካለፈበት አልቋል" አለኝ። ሌላው "ቆፍረሽ የመሬት ትል ካገኘሽ ንጹሕ ነው" አለኝ። ሦስተኛው "ላብራቶሪ ላኪ" አለ፣ ግን ምን ብዬ እንደምልክ አልነገረኝም። ለመሆኑ ይሄ ነገር በምን ይለካል? እኔን ብቻ ሳይሆን ዶሮውንም፣ ንቡንም፣ አፈሩ ውስጥ ያለውንም አስቤ ነው።

አፈር ቆፋሪ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ጥያቄሽ ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ሽንኩርቱ ላይ ስንት ቀረ" ብሎ ነው፣ አፈሩን የሚያስታውሰው የለም።

"ሁለት ወር ስለሆነ አልቋል" ያለሽ ሰው ነገሩን ከመሃል ነው የቆረጠው። ግማሽ ዕድሜ ማለት መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለመጋመስ እንደገና ያንኑ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ግማሽ ዕድሜው 60 ቀን የሆነ መድኃኒት አንዴ ተረጭቶ ቢቆም ከዓመት በኋላ የሚቀረው 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ጥሩ ዜና ነው። ግን እናንተ ጋ አንዴ ተረጭቶ የሚቆም ነገር የለም።

በቁጥር ላሳይሽ። የአንድ ሄክታር የላይኛው 5 ሳንቲሜትር አፈር፣ አንዱን ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 1.5 ግራም ብለን ብንይዘው፣ 750 ቶን ይመዝናል። 48 በመቶ የሆነ ክሎርፒሪፎስ በሄክታር 1 ሊትር ሲረጭ 480 ግራም ንጥረ ነገር ወረደ ማለት ነው። ቅጠሉ ምንም ሳያስቀር ሁሉም አፈር ላይ ቢያርፍ በኪሎ አፈር 0.64 ሚሊግራም ይሆናል። እንግዲህ ይሄ በየሳምንቱ 10 ጊዜ ቢረጭና ግማሽ ዕድሜው 90 ቀን ቢሆን፣ ከአሥረኛው ርጭት በኋላ 5 ሚሊግራም ላይ ትደርሻለሽ። ግማሽ ዕድሜው 5 ቀን የሆነ ሌላ መድኃኒት በዚያው መጠንና በዚያው ድግግሞሽ ቢረጭ ግን 1 ሚሊግራም አካባቢ ደርሶ እዚያው ይቆማል። የረጪው ልፋት ያው ነው፣ አፈሩ ላይ የሚቀረው አምስት እጥፍ ይለያያል።

ደግሞ ግማሽ ዕድሜ እንደ መታወቂያ ቁጥር አንድ አይደለም። ክሎርፒሪፎስ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 120 ቀን ይባላል፣ ነገር ግን በሁለት ሳምንት የጋመሰበትም፣ ከዓመት በላይ የቆየበትም አፈር አለ። የሚለየው ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ የአፈሩ አሲድነትና የብስባሹ መጠን ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ብዙ ቦታ አልካላይን ስለሆነ እንደ ፕሮፌኖፎስና ክሎርፒሪፎስ ያሉትን በውኃ ቶሎ ያፈርሳቸዋል። ሙቀቱም ያግዛል። ግን መስኖው ተቋርጦ መሬቱ ጦም ሲያድር መድኃኒቱን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይተኛሉ። ያን ጊዜ ቀኑ ይቆጠራል እንጂ መድኃኒቱ እምብዛም አይቀንስም።

ከዘረዘርሻቸው ውስጥ ፕሮፌኖፎስ ብዙ አያሳስበኝም፣ በቀናት ነው የሚፈርሰው። ማንኮዜብም እንዲሁ ቶሎ ይፈርሳል፣ የፈረሰው ቅሪቱ ራሱ ጉድ ያለው ቢሆንም። ላምዳ ሳይሃሎትሪን ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ አይንቀሳቀስም፤ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ወይም ሐይቅ ሲገባ ግን ለዓሣና ለውኃ ነፍሳት እሳት ነው። የምፈራቸው ክሎርፒሪፎስና ኢሚዳክሎፕሪድ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ያሉት እውነት ከሆነ ደግሞ ዲዲቲ።

አደጋውን መገመት የሚባለው እንግዲህ ሁለት ነገር ማወዳደር ነው፤ አፈሩ ውስጥ አለ የምንለው መጠን በአንድ በኩል፣ ፍጥረታቱን የሚጎዳው መጠን በሌላ በኩል። አውሮፓውያን ለመሬት ትል የሚጠቀሙበት መመዘኛ፣ ግማሾቹን የሚገድለው መጠን አፈሩ ውስጥ ካለው ቢያንስ 10 እጥፍ እንዲበልጥ፣ በረጅም ጊዜ መራባቱን የማይነካው መጠን ደግሞ ቢያንስ 5 እጥፍ እንዲበልጥ ይጠይቃል። ከዚያ ካነሰ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይከተላል። ለክርክር የሚቀረው "የትኛውን ፍጥረት ይዘን እንለካ" የሚለው ነው።

ባለ ፓምፕ

አፈር ቆፋሪ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ግን ማሳው ላይ ቆመን እናውራ። እኔ እዚያው አካባቢ ሽንኩርት እየተከልኩ ነው የምኖረው። ሳይረጩ ሽንኩርት ማውጣት የሚባል ነገር በዚህ ዋጋና በዚህ ትሪፕስ አይታሰብም፣ ስለዚህ ረጪውን ሁሉ ወንጀለኛ አታድርጉት። የሚረጨው ልጅ የቀን ሠራተኛ ነው፣ የሚያዘው ሌላ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ የሌላ ሰው ነው።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያው፣ ተከራዮቹ መድኃኒት የሚወስዱት አብዛኛውን ጊዜ በዱቤ ነው። የወሰዱበትን ሱቅ ፈልጊ። ባለሱቁ የዱቤ ደብተር አለው፣ ዕዳ ነውና ቀኑን ከነመጠኑ ይጽፋል። ከእሱ የተሻለ የርጭት መዝገብ መቂ ውስጥ አታገኚም። በደግ ቃል ከጠየቅሽው ያሳይሻል፣ ግብር የሚመስል ነገር ብቻ አታንሺበት።

ሁለተኛው፣ ማሳው ሁሉ እኩል አይደለም። መድኃኒቱ የሚበጠበጠው ውኃ ባለበት ነው፣ ያ ማለት ፓምፑ ሥር ወይም ቦዩ ዳር። የጀርባ መርጫው የሚታጠበውም እዚያው ነው። ያንቺ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ማለት ነው። ሽንኩርቱ ውስጥ ያለው አፈርና እዚያ ያለው አፈር ሰማይና ምድር ናቸው። እዚያ ላይ ዶሮ እንዳትለቂ፣ ላብራቶሪ አያስፈልገውም ይሄ።

እና ደግሞ እኛ ጋ አንዱን ብቻ የሚረጭ የለም። ሦስት አራቱ በአንድ መርጫ ይደባለቃል። ያንን ላብራቶሪው ያውቀዋል ወይ?

ወፍ ተመልካች

ባለ ፓምፕ፣ ያነሣኸው የመደባለቅ ጉዳይ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ የሚገመተው በአብዛኛው አንድ ምርት ብቻውን ነው፣ አፈሩ ግን ለብቻው የተረጨ ነገር አይቶ አያውቅም።

እኔ የመጣሁት "ትል ካለ ንጹሕ ነው" የሚለውን ለማፍረስ ነው። ይሄ አባባል በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም አሳሳች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይና ሚሺጋን አካባቢ የከተማ ዛፎችን በሽታ የምታዛምት ጢንዚዛ ለመግደል ዛፎቹን በዲዲቲ ይረጩ ነበር። ቅጠሉ በመኸር ረገፈ፣ ትሎች በሉት። ትሎቹ አልሞቱም። ዲዲቲውን በገላቸው አከማችተው ክረምቱን አሳለፉ። በጸደይ ሮቢን የሚባሉት ወፎች መጥተው ትሉን ለቀሙ፣ እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። ሳይረጭ በቆየ ወቅት ጭምር ነው ይሄ የሆነው። አንድ ሰው ያኔ አፈሩን ቆፍሮ "ትል ሞልቶታል፣ ሰላም ነው" ቢል ኖሮ ስለ ትሉ ልክ ይሆን ነበር፤ ለወፏ ግን ያ ትል መርዝ ነበር።

በእኛም አገር በዝዋይ ሐይቅ ዓሣዎችና ዓሣ በሚበሉ ወፎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ዲዲቲንና በተለይ ፍርስራሹን ዲዲኢን አግኝተዋል። ዲዲቲ እኛ ጋ በይፋ የወባ ቤት ርጭት መድኃኒት ነበር፣ ከዚያ እያፈተለከ ጫትና አትክልት ላይ ይረጭ እንደነበር የማያውቅ የለም። ሐይቁ ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ መቂና ቀታር ወንዞች ደግሞ ከማሳው ያጠቡትን እዚያ ያራግፋሉ።

ያንቺ ዶሮ እንግዲህ ለእኔ ሮቢኗ ናት። ቀኑን ሙሉ መሬት እየጫረች ትል ትበላለች፣ አፈሩንም አብራ ትውጣለች፣ እንቁላሏ ደግሞ ስብ አለው፣ ዲዲኢ ስብ ይወዳል። ስለዚህ ለዲዲቲ ጥርጣሬሽ አፈር ከማስመርመር የእንቁላል ምርመራ ይበልጥ የሚናገር ይመስለኛል። ጥቂት ዶሮ አጥር ውስጥ ለቅቀሽ፣ ወር ከምናምን ቆይተሽ እንቁላሉን ላኪ። አፈሩ ውስጥ ያለው ምን ያህሉ ወደ ሕይወት እንደሚገባ የሚነግርሽ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት በእጅሽ የምትሠሪው ነገር ከፈለግሽ ደግሞ የትል ሽሽት የሚባል ሙከራ አለ። አንድ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ በመሃል በካርቶን ክፈይ። አንዱ ጎን የማሳሽን አፈር፣ ሌላው ጎን ተረጭቶ የማያውቅ አፈር፣ እርጥበታቸው እኩል። ካርቶኑን አንሺና በመሃል መስመሩ ላይ 10 የብስባሽ ትል አስቀምጪ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ቁጠሪ። በዓለም አቀፉ ደረጃ ከ80 በመቶ በላይ የሆኑት ወደ ንጹሑ ከሸሹ ያ አፈር ለኑሮ አይመችም ይባላል። ከአንድ ዕቃ በላይ አድርጊው፣ ትል አንዳንዴ በአጋጣሚ ይሰበሰባል። ሁለቱም ጎን የማሳ አፈር የሆነበት አንድ ዕቃም ይኑር፣ ትሎቹ እዚያ በሁለቱም በኩል መበተን አለባቸው።

አፈር ቆፋሪ

ወፍ ተመልካች፣ የትል ሽሽቱን እወደዋለሁ ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ ይጨመርበት። አንደኛ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጨው አለ። በመስኖ ጨው የወጣበት አፈር ትልን ከመድኃኒት እኩል ያባርራል። ስለዚህ የማነጻጸሪያው አፈር ከሩቅ ጫካ ሳይሆን ከዚያው ማሳ ዳር፣ ለምሳሌ ከአጥሩ ሥር ወይም ከግራሩ ሥር፣ ተመሳሳይ ዓይነት አፈር ይሁን። መልኩ ጥቁር የሆነ ብስባሻም አፈር ካመጣሽማ ትሎቹ መድኃኒት ሸሽተው ሳይሆን ምግብ ፈልገው ነው የሚሄዱት። ሁለተኛ፣ ነርቭ የሚመታ መድኃኒት ትሉን አደንዝዞ ባለበት ሊያስቀረው ይችላል፣ ያን ጊዜ ያልሸሸው ትል "ተመችቶኛል" ያለ ይመስላል። ከሸሸ ማስረጃ ነው፣ ካልሸሸ ግን ማረጋገጫ አይደለም።

ደግሞ ትል ብቻ ይዘን አንቅር። ለክሎርፒሪፎስ ትል ጠንካራ ነው። ከእሱ በጣም በባሰ የሚጎዱት እነዚያ ቅጠል ሥር የሚዘሉት፣ በዓይን ለማየት የሚቸግሩት ነጫጭ ነፍሳት ናቸው። የወደቀውን ቅጠል ከፋፍለው ለሻጋታና ለባክቴሪያ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ ገለባው ሳይበሰብስ ይከርማል። ይሄንን ያለ ማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል፦ ደረቅ ገለባ በወንፊት ከረጢት አስረሽ ግማሹን ማሳው ውስጥ፣ ግማሹን አጥሩ ሥር ቅበሪ፣ እኩል ውኃ አጠጪ፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አውጥተሽ መዝኚ።

ንብ ወዳድ

አጭር ነው የኔ። ኢሚዳክሎፕሪድ ያልሽውን አትናቂው። እሱ አፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ ወራት፣ አንዳንድ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ። ቀጥሎ የሚበቅለው ተክል፣ አረሙም ጭምር፣ በሥሩ ይመጠውና አበባው ውስጥ ያስገባዋል። አንዲት ንብ በአፏ ስትወስደው ወደ 4 ናኖግራም ገደማ ለሞት ይበቃታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 እሱንና ሁለት ዘመዶቹን ከተዘጋ ግሪንሃውስ ውጭ መጠቀም የከለከለው በዋናነት በንብ ምክንያት ነው። ቀፎውን ለዘንድሮ ተይው። ቢያንስ አንድ ሁለት ወቅት እንደ ስንዴና ጤፍ ያለ ንብ እምብዛም የማትመላለስበትን ነገር አብቅይበት። ዘሩ ደግሞ በመድኃኒት የታሸ እንዳይሆን፣ ያ ራሱ ያንኑ ነገር መልሶ ያመጣዋል። ጎረቤቶችሽ የሚረጩ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺ አፈር ቢጸዳም ንቧ አጥር አታውቅም።

የመቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ባለ ፓምፕ፣ የዱቤ ደብተሩን ሐሳብ ለአባቴ ስነግረው ሳቀ፣ "ባለሱቁንማ አውቀዋለሁ" አለኝ።

አፈር ቆፋሪ፣ ላብራቶሪ ስልክ "ፀረ ተባይ መርምሩልኝ" ብል በቂ ነው? ናሙናውስ እንዴት ይወሰዳል? ደግሞ ቁጥሩ ሲመጣ እንዴት ነው የማነበው፣ ይሄን ያህል ተገኘ ቢሉኝ ደንግጬ መሬቱን ልተወው ነው ወይስ?

አፈር ቆፋሪ

"ፀረ ተባይ መርምሩልኝ" ብቻ ካልሽ እነሱ የለመዱትን ዝርዝር ይመረምራሉ፣ ያንቺ መድኃኒት እዚያ ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል። መጀመሪያ ደብተሩን አንብቢ፣ ከዚያ በስም ጠይቂ። ከስሞቹ ጋር ፍርስራሾቻቸውም እንዲታዩ ንገሪያቸው። ለዲዲቲ ዲዲኢንና ዲዲዲን፣ ቦታው ድሮ ጥጥ የነበረበት ከሆነ ደግሞ ኢንዶሰልፋን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ፍርስራሽ የሆነውን ኢንዶሰልፋን ሰልፌትን። ብዙ ጊዜ እናትየው ጠፍታ ልጅየው ናት የምትቀረው፣ እናትየውን ብቻ የፈለገ ሰው "አልተገኘም" የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ማሳው ላይ መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒት ተረጭቶ ከሆነ መዳብንም ጨምሪ። እሱ ብረታ ብረት ነው፣ ግማሽ ዕድሜ የሚባል ነገር የለውም።

ናሙና፦ ማሳውን በታሪኩ ክፈይው። ፓምፑ አካባቢ ለብቻው፣ ሽንኩርት የነበረበት ለብቻው፣ አጥሩ ሥር ለብቻው። ከእያንዳንዱ ክፍል በዚግዛግ እየሄድሽ ከ15 እስከ 20 ቦታ ትንሽ ትንሽ ቆፍረሽ አደባልቂ። መሬቱ ስለታረሰ ጥልቀቱ እስከ 20 ሳንቲሜትር ይሁን። ፀሐይ ላይ እንዳታደርቂው። በብርጭቆ ማሰሮ ወይም በፎይል ጠቅልለሽ፣ በበረዶ ሳጥን፣ ቶሎ ይድረስ። ዋጋው ከከበደሽ ከአጥሩና ከሽንኩርቱ ጀምሪ፤ ፓምፑን ባለ ፓምፕ አስቀድሞ ፈርዶበታል፣ እኔም እስማማለሁ።

ስለ ማንበብ። ዲዲቲ ከዲዲኢ በልጦ ከተገኘ ርጭቱ የቅርብ ነው፣ ወይም ዳይኮፎል የሚባል የቅጠል ሸረሪት መድኃኒት ውስጥ ተቀላቅሎ የመጣ ነው። ዲዲኢ ከበለጠ የድሮ ቅሪት ነው። የዲዲቲ ግማሽ ዕድሜ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይባላል፣ ሞቃት አገር ላይ ስለሚተን ያጥራል፣ ዲዲኢ ግን ግትር ነው።

ቁጥሩ ራሱ ብቻውን አያስደንግጥሽ። ላብራቶሪው በኃይለኛ ፈሳሽ አጥቦ ያለውን ሁሉ ያወጣል። አፈር ውስጥ ዓመታት የቆየ መድኃኒት ግን በብስባሹና በሸክላው ቅንጣት ውስጥ ስለተቀበረ ትሉም ሥሩም ሁሉንም አያገኘውም። ለዚህ ነው የወፍ ተመልካችን የእንቁላል ሐሳብ የምደግፈው። ኮምፖስት በብዛት መጨመርም የሚረዳው በዚሁ መንገድ ነው፣ መድኃኒቱን አያጠፋውም፣ ያስረዋል። እንደ ክሎርፒሪፎስ ያለውን ግን የሚበሉትን ተሕዋስያን ስለሚቀልብ ማጥፋትም ያፋጥናል።

አትክልቱን በተመለከተ፣ ዲዲኢ ከተገኘ ዝኩኒና ዱባ አትትከዪ። ከሌላው አትክልት በተለየ ከአፈር ስበው ወደ ግንዳቸውና ወደ ፍሬያቸው ያወጡታል። ቲማቲምና በርበሬ እንደዚያ አይደሉም።

ባለ ፓምፕ

ጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን ጠርሙሶች አታቃጥሊ፣ አፈርም አትመልሺበት። በጓንት አውጥተሽ በከረጢት አስረሽ ዝናብ የማያገኘው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሪ፣ ወረዳው ግብርና ጋ ሄደሽ አመልክቺ። መልስ እስኪሰጡሽ ትመላለሻለሽ፣ ግን አመልክቺ። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አፈርም በቆርቆሮ ሸፍኚው፣ ዝናቡ ወደ ቦዩ እንዳያጥበው።

ወፍ ተመልካች

የእንቁላሉ ውጤት እስኪመጣ ዶሮዎቹን በመረብ አጥር ውስጥ በጭድ ላይ አቆዪያቸው፣ ለሙከራው የምትለቂያቸውን ጥቂቶቹን ብቻ ማሳው ላይ ለይተሽ አሰማሪ። የእነዚያን እንቁላል ቤት ውስጥ ለሕፃናት አትስጪ፣ ገበያም አታውጪው። ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ዙር እንቁላል ቀድመሽ አስቀምጪ፣ ያለዚያ መድኃኒቱ ከመሬቱ ይምጣ ከመኖው አታውቂም።